ከዐቅም በላይ የሆነ ግድግዳ

ከጓደኛህ ጋር ውል አትዋዋል ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ባለቤቴ ብላኛለች፤ የሥራ ባልደረቦቼ ብለውኛል፤ ፀጉሬን የሚያስተካክለው ሰው እንኳ መቀሱን አየር ላይ አቁሞ «ኧረ ተው ጋሼ፣ ትጣላላችሁ» ብሎኛል። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ሲስማማ ወዲያው ተቃራኒው እውነት ይመስለኛል። ይህ ጠባይ በሕይወቴ ብዙ ጠቅሞኛል ማለት አልችልም፤ ቢሆንም እስካሁን አልለቀቀኝም።

የእኔ አስተሳሰብ እንዲህ ነበር። ውል የሚያስፈልገው ከምትወደው ሰው ጋር ነው። ከማትወደው ሰው ጋር ብትጣላ ምን ይቀርብሃል? ትከሰዋለህ፣ ይከስሃል፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ፊት ትዟዟራላችሁ፣ አለቀ። ከምትወደው ሰው ጋር መጣላት ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሊያጣላችሁ የሚችለውን ሁሉ አስቀድማችሁ፣ ገና እየተሳሳቃችሁ ሳለ፣ ወረቀት ላይ ተጣልታችሁ መጨረስ አለባችሁ። ይህን ሐሳብ የሚደግፍ ሰው ሀዋሳ ውስጥ አላገኘሁም። ይህም ትክክል ስለመሆኔ ተጨማሪ ማስረጃ መሰለኝ።

ጓደኛዬ ኮንትራክተር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል፤ ሳገባ ሚዜዬ ነበር። እሱ ቤት ይሠራል፤ እኔ የዘንድሮ ቤቶች ለምን እንደሚያስጠሉ እጽፋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንበላለን። በዐቢይ ጾም እኔ ሽሮ አዝዤ እሱ ፊቴ ላይ ዓሣውን እየገነጠለ «ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም፣ የእናንተ ቄሶች ናቸው ያከበዱት» ይለኛል፤ እኔም የእነሱ ፓስተር መድረክ ላይ ስለሚያበዛው ዝላይ የምለው አላጣም። የምንሄደው ለዓሣው ነው ብዬ አልዋሽም። የምንሄደው ለመከራከር ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ከእኔ ጋር ተከራክሮ በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ወይ ይስማማሉ፣ ወይ ይቀራሉ።

ቤት ለመሥራት ስንነሣ፣ ከሱ ሌላ ሰው ማሰብ አልተቻለም። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ኩሽና፣ ከኩሽናው ጎን ደግሞ የመጽሐፍ ክፍል። ለዚህች የመጽሐፍ ክፍል ስል ነው ቤት ለመሥራት የተስማማሁት። መጽሐፎቼ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት በማካሮኒና በሳሙና ካርቶን ሲዞሩ ኖረዋል። በየቤቱ አከራዮቻችን ካርቶኑን አይተው «ሱቅ ልትከፍቱ ነው?» ብለው ይጠይቁን ነበር። መጽሐፍ ነው ስንላቸው ፊታቸው ላይ የማየው ሐዘኔታ እስካሁን ይታወሰኛል።

ውሉን ራሴ ጻፍኩት። ፍርድ ቤት አካባቢ ለሚቀመጡት ውል ጸሐፊዎች መስጠት እችል ነበር፤ ግን የእነሱን አማርኛ አልወደውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አገላብጬ፣ የሌሎች ሰዎችን ውል ተውሼ፣ ረጅም፣ ጥብቅ፣ በቁጥር የተከፋፈለ ውል ሠራሁ። አንድ ቅዳሜ ይዤው አሞራ ገደል ወረድኩ።

ጓደኛዬ ወረቀቱን አየና እጁን ከዓሣው ላይ አነሣ።

«ምንድን ነው? ክስ ነው?»

«ውል ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ካንተ ጋር።»

«ምን አደረግሁህ?»

አስረዳሁት። ሐሳቤን አብራራሁለት፤ ስለ ፍቅርና ስለ ጽሑፍ ስብከት አይሉት ንግግር አደረግሁለት። አባ ኮዳዎቹ በዙሪያችን ቆመው ነበር። እነዚህን ወፎች ያላየ ሰው ሀዋሳን አያውቅም፤ ራሳቸው መላጣ፣ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ካባ የደረቡ፣ አንገታቸውን ቀብረው በትዕግሥት የሚጠብቁ። ጠበቃ ይመስላሉ። ክርክሩን ማንም ቢረታ አጥንቱ የእነሱ ነው።

«አንብበው» አልኩት።

«አንተ የጻፍከውን ማን ያነባል? መጽሐፍህንስ ገዛሁልህ እንጂ መቼ አነበብኩት?»

ስለዚህ እኔው አነበብኩለት። «ማንኛውም የሥራ ለውጥ በጽሑፍ ካልሆነ እንዳልተደረገ ይቆጠራል» የሚለው ጋ ስደርስ ቆም አልኩ፤ የኮራሁበት አንቀጽ ነበር። እሱ «ዳጣውን አቀብለኝ» አለ። «አለመግባባት ቢፈጠር እያንዳንዱ ወገን አንድ ሽማግሌ ይመርጣል» የሚለውን ሳነብ እሾህ ከጥርሱ ያወጣ ነበር። ጭንቅላቱን ያነሣው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

«ምን አልክ? እስቲ ድገመው።»

«ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ሲያጋጥም ሥራ ተቋራጩ በመዘግየቱ አይጠየቅም።»

«ይሄን ወድጄዋለሁ። አምጣው ልፈርም።»

ዓሣ ጠባሹና ሁለት አሥጋሪዎች በምስክርነት ፈረሙ። አንዳቸውም አላነበቡም፤ እንዲያውም አንደኛው ሲፈርም «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለን። ውሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይት ዘይት ይሸታል።

ሥራው ተጀመረ። በአገራችን ቤት የሚሠራው በፕላን ነው ይባላል እንጂ የሚሠራው «ሲሠራ ይታያል» በሚል ሕግ ነው። መስኮቱ የት ይሁን? ሲሠራ ይታያል። ውኃው በየት ይውረድ? ሲሠራ ይታያል። ይህን ሕግ ያወጣው አካል አይታወቅም፤ የማያከብረው ግንበኛ ግን አላየሁም። ፕላኑ ፈቃድ ለማውጣት ያገለግላል፤ ፈቃዱ ሲወጣ ፕላኑ ግድግዳው ጥግ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ዝናብ ይመታዋል።

ጓደኛዬ ውሉን ባያነበውም ያቺን የወደዳትን አንቀጽ በቃሉ ያዛት። በክረምት ስልክ ደወለልኝ።

«ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ገጥሞናል።»

«ምን?»

«ዝናብ።»

«ሐምሌ ነው እኮ! በሐምሌ ከዐቅም በላይ የሚሆነው ባይዘንብ ነው።»

ከዚያ ለቅሶ ሆነ፤ የግንበኛው አማት ጎረቤት ሞተው ሠራተኛው በሙሉ ቀብር ሄደ። ከዚያ የኳስ ዋንጫ። ከዚያ ሲሚንቶ ጠፋ፤ ይህኛው እንኳ እውነት ነበር፣ ግን እስከዚያ ድረስ እሱን ማመን ትቼ ስለነበር በሲሚንቶውም ጭምር ተሟገትኩት። ሕጉ ‹አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ነገር› ነው የሚለው ብዬ ሳስረዳው፣ «እኔ መች አስቤው ነበር?» አለኝ። በእርግጥ እሱ ምንም ነገር አስቀድሞ አስቦ አያውቅም። ለዚህ መልስ የሚሆን አንቀጽ ውሉ ውስጥ አልነበረም።

እኔ ወደ ሥራው ቦታ እምብዛም አልሄድም። ውል ያለው ሰው ለምን ይሄዳል? የምትሄደው ባለቤቴ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ ባጃጅ ይዛ ጎራ ትላለች፤ ሠራተኞቹን ታበረታታለች፣ አሸዋውን በእግሯ ነካ ነካ ታደርጋለች። ማታ ስትመጣ «እንዴት ነው?» እላታለሁ፤ «ጥሩ ነው» ትለኛለች። ትዳር ውስጥ «ጥሩ ነው» ብዙ ነገር እንደሚሸፍን ማወቅ ነበረብኝ።

አንድ ጠዋት ሜትር ይዤ ሄድኩ፤ መደርደሪያ ላሠራ ለመለካት። ግድግዳዎቹ ቆመዋል፣ ጣሪያው ተመቷል፣ ልስን ብቻ ነው የቀረው። ጓደኛዬ ሜትሩን እጄ ላይ ሲያይ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ መልሶ ሰካው።

«ምነው ዛሬ?»

«መደርደሪያ ልለካ።»

«ዛሬ አቧራ ነው እኮ። ሌላ ቀን ብትመጣ?»

ገባሁ። መሀል ክፍሉ ቆሜ እጆቼን ዘረጋሁ። ሁለቱም መዳፎቼ ብሎኬት ነኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመጽሐፍ ክፍልህ።»

«የቀረውስ?»

«የቱ የቀረው?»

«ፕላኑ ላይ ያለው!»

አንገቱን አከከ። «ኩሽና ገባ።»

«ክፍል እንዴት አድርጎ ኩሽና ይገባል?»

«እህቴ መጣች። ‹ይሄ ኩሽና ፍሪጅ ከገባበት ሰው አይገባበትም፤ ይቺን ግድግዳ እስቲ ትንሽ ገፋ አድርጋት› አለችኝ። ገፋኋት።»

እህቴ የሚላት ባለቤቴን ነው። ሚዜ ለሙሽራዋ ወንድም ነው፤ ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ ባለቤቴ ከኔ ይልቅ እሱን ስታዝ ኖራለች፤ እሱም ከኔ ይልቅ ሲታዘዛት።

«ውሉ በጽሑፍ ነው የሚለው» አልኩ።

«እና? እህቴን ወረቀት አምጪ ልበላት?»

«አዎ!»

«ሚዜ ሙሽራን ወረቀት ይጠይቃል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ያኔ ሚዜ ነበርክ» አልኩት። «አሁን ሥራ ተቋራጭ ነህ። በውሉ መሠረት በራስህ ወጪ አፍርሰህ ትመልሳታለህ።»

ሲሚንቶ የሚያቦኩት ሠራተኞች አካፋቸውን ይዘው ቆሙ። ጓደኛዬ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ብሎኬቱ ላይ አስቀመጠ። በሕይወቴ ለተናገርኩት ነገር ሁሉ መልስ ሲሰጠኝ የኖረ ሰው ያን ቀን ባጃጅ አስቁሞ ሄደ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ዜናው ደርሷታል።

«አፍርስ ብለኸዋል?»

«ውሉ ነው ያለው።»

«ውሉን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ውሉ አለ እያልክ በማን ታሳብባለህ? ኩሽናዬን አንድ ብሎኬት ብትነኩ እኔም ዐቅሜን አሳያችኋለሁ።»

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አሠሪ። እንዴት አደሩ?»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። «አንተ፣ ምን ሆነሃል?»

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግድግዳውን ለማፍረስ ትእዛዝዎን በጽሑፍ እየጠበቅን ነው። ውሉ ማንኛውም ለውጥ በጽሑፍ ይሁን ስለሚል። እስከዚያው ሥራው ቆሟል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ከዴስክ ጓደኛዬ አፍ «ልዎ» ወጣ። ስድብ ብሰማ ይሻለኝ ነበር፤ ለስድብ መልስ አለኝ። ለአክብሮት ግን ምን ይመለሳል?

ቅዳሜ አሞራ ገደል ሄድኩ። አልመጣም። ዓሣ ጠባሹ እንደ ልማዱ ሁለት ሳህን ቆሮሶ ዓሣ ይዞ መጣና አንዱን ሳህን እንደያዘ ቆመ።

«ሰውዬው ታመመ እንዴ?»

«አልታመመም፤ ተዋውለናል።»

አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ስለ ሐይቁ፣ ስለ ኑሮ፣ ስለ መንግሥትም የማይሆን የማይሆን ነገር ተናገርኩ፤ አንድ ነገር ቢቃወመኝ ብዬ። ሰውዬው ሁሉንም «እውነትዎን ነው» እያለ ዓሣውን በላ። አባ ኮዳዎቹ እንኳ ሰልችቷቸው ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ።

የማፍረሻውን ትእዛዝ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ጻፍኩት፤ ጥሩ ሆኖ ተጻፈ። ከሰጠሁት እንደሚያፈርስ አውቃለሁ፤ ግትር ነው፣ በራሱ ወጪ እስከ መጨረሻዋ ብሎኬት ያፈርሳል፣ ከዚያ እድሜ ልኩን «እንዴት አደሩ» ይለኛል። ካልሰጠሁት መጽሐፎቼ ከማካሮኒ ካርቶን አይወጡም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ይዤ ብዙ ቀን ዞርኩ። በመጨረሻ ወደ ሌላኛው አንቀጽ ሸሸሁ፤ ወደ ሽማግሌው።

እኔ የመረጥኩት የሱን እናት ነው። ተንኮሌን አልደብቅም። እኒህ ሴት በልጅነታችን ሁለታችንንም ከአንድ ትሪ አብልተውናል፤ ስንጣላም ሁልጊዜ የሚቆጡት የራሳቸውን ልጅ ነው። እሱ ማንን መረጠ? ባለቤቴን። በሱም ቤት ያው ስሌት ነው፤ በእኔ ላይ እንደሷ ፈጥኖ የሚፈርድ ሰው የለም።

«ግድግዳውን ያስገፋችው እሷ ናት! እንዴት ዳኛ ትሆናለች?» ብዬ በስልክ ጮህኩ።

«ውሉ የአሠሪው ባለቤት ሽማግሌ አትሆንም ይላል?»

አይልም። ሁሉን ነገር ጽፌ ይህን አልጻፍኩም።

«አይልም፣ አሠሪ» አለና በአክብሮት ዘጋው።

እሑድ ከሰዓት፣ እኛም ከኛ ቤተ ክርስቲያን እነሱም ከነሱ ከተመለስን በኋላ፣ ባላለቀው ቤት ውስጥ ተሰበሰብን። እናቱ በባጃጅ መጡ። ብሎኬት ደርድረን የሲሚንቶ ከረጢት አነጠፍንላቸው። ውሉን ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም።

«ቆይ። መጀመሪያ ሀላሌ» አሉ። በሲዳሙ አፎ፣ በእናቱ ቋንቋ፣ እውነት ማለት ነው፤ በእነሱ ሽምግልና እውነት ሳይነገር ወደ እርቅ አይኬድም።

«ግድግዳውን ማን ግፋ አለ?»

«እኔ» አለች ዳኛዋ ባለቤቴ።

«ማን ገፋ?»

«እኔ» አለ ልጃቸው።

«ለምን አልነገርከውም?»

እግሩን አየ። «ብነግረው ስብሰባ ይጠራ ነበር፣ እማዬ። ልስን ሲደረግበት አያስተውልም ብዬ ነው። ይሄ ሰው እኮ የራሱን በር ቁልፍ ፈልጎ አያገኝም።»

«ማን አፍርስ አለ?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አልኩ።

«ቅዳሜ ዓሣ ከማን ጋር በላህ?»

ይህ ጥያቄ ከውሉ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ልጠይቅ አስቤ ነበር። «ብቻዬን» አልኩ።

«አንተስ?»

«እኔ አልበላሁም» አለ እሱ።

እናቱ ሁለታችንንም እንደ ተቃጠለ ድስት አዩንና ተነሡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሊመካከሩ ገቡ፤ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ወደ ኩሽናው። እኔና ጓደኛዬ ውጭ ቆመን የየራሳችንን ግድግዳ ስንመረምር ከውስጥ ሳቅ ሰማን። የዳኞች ሳቅ ለተከራካሪ ደስ አይልም።

ወጡ። ፍርዱን የተናገሩት እናቱ ናቸው። ግድግዳው ባለበት ይቆማል፤ ኩሽናው ጥሩ ነው። ልጃቸው በመጽሐፍ ክፍሉ ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ በራሱ ወጪ ይሠራል። ወደ እኔ ዞሩ።

«መጽሐፉን አንብበኸዋል?»

«ብዙውን፣ እማማ።»

«ያነበብከውን ለሰው ስጥ። ያላነበብከው ይበቃዋል።»

ክርክር ነበረኝ። መጽሐፍ ተነቦ የሚያልቅ ነገር አይደለም ብዬ ልጀምር ስል ባለቤቴ በዓይኗ አስቀመጠችኝ። ከዚያ የሷ ፍርድ ተከተለ። ጓደኛዬ ሳያነብ ስለ ፈረመ ውሉን አሁን እዚሁ ቆሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ ደግሞ ሳልናገር፣ ሳላርም እሰማለሁ። ከሁለታችን በማን ላይ እንደከፋች እስካሁን አልወሰንኩም።

ቆመ። መነጽሩን አደረገ። «በአሠሪውና በሥራ ተቋራጩ መካከል» ብሎ በዜና አንባቢ ድምፅ ጀመረ፤ አሠሪ ባለ ቁጥር ወደ እኔ ትንሽ ጎንበስ ይላል። አንደኛው ገጽ እንዲህ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ድምፁ መዘግየት ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ቆመ፤ ተመልሶ አነበበ።

«‹ከዚህ በላይ በተመለከተው አግባብ ከዚህ በታች በሚመለከተው ሁኔታ መሠረት ተፈጻሚ የሚሆን ሆኖ...›» ወረቀቱን ዝቅ አደረገው። «ቆይ፣ ቆይ። ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው? አንተ? በሰው አማርኛ ስታላግጥ የምትውለው ሰውዬ? ይሄን የጻፈ ሰው ነው በእኔ ግድግዳ የሚስቀው? እማዬ፣ እስቲ ስሚው፣ ‹የሚሆን ሆኖ› ይላል! ግድግዳ እንዲህ ብሠራ ፈቃዴን ይቀሙኝ ነበር፣ አንተ ግን...»

መልስ እንዳልሰጥ ተፈርዶብኝ ነበር። ደግነቱ፣ «አሠሪ» ቀርቶ ወደ «አንተ» ተመልሰናል። ኪሴ ውስጥ ያለውን የማፍረሻ ትእዛዝ በጣቴ እየጠቀለልኩ፣ ውሉ እስኪያልቅ ስሰደብ ቆየሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓሣ ጠባሹ ሁለቱንም ሳህኖች አስቀመጠ፤ አባ ኮዳዎቹም ተመልሰው መጡ።

አሁንም ከጓደኛ ጋር ውል መዋዋል ተገቢ ነው እላለሁ። ማንም አይስማማም፤ ስለዚህ ልክ ሳልሆን አልቀርም። ከጓደኛ ጋር በምትዋዋለው ውል ውስጥ የሽማግሌውን አንቀጽ ከሌላው ሁሉ አስበልጠህ ጻፈው፤ ሚስትህን ደግሞ በስም ጠርተህ አውጣት ብዬ ግን እጨምራለሁ።

ይህን የምጽፈው ክፍሏ ውስጥ ነው። በሩ እንዲከፈት ወንበሬን መጀመሪያ ማጠፍ አለብኝ። ያነበብኳቸውን መጻሕፍት እንደ ፍርዱ ሰጠሁ፤ ለማን ለምትሉ፣ ለሱ ነው። ሳሎኑ ውስጥ በቁመታቸው ደርድሯቸዋል፤ እንግዳ ሲመጣ «ጊዜ ካገኘሁ እገላልጣለሁ» ይላል። የተማረ ኮንትራክተር ነው ተብሎ አዲስ ሥራ ሁሉ አግኝቶባቸዋል።

ባለፈው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ሁለታችን ውስጥ አንገባም።

«ጠባብ ናት» አለኝ።

«ማን አጠበባት?»

በአገጩ ወደ ኩሽናው ጠቆመኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ባለቤቴ ከግድግዳው ማዶ። ብሎኬቱ ስስ ነው። ለዚያም ሲሠራ ይታያል ተብሎ ነበር።